ፋይሉ ስልኬ ውስጥ አለ፤ የት እንዳለ ግን እንጃ

ጥያቄውን መምህራን የምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ ነው። ሐሙስ የደረሰብኝ ነገር እስከዚያ ድረስ ከሆዴ አልወጣ ብሎ ነበር።

የማስተምረው 10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንዱ ሴክሽን ብቻ 62 ተማሪ። ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ማይቶሲስ፣ ማለትም የሴል ክፍፍል፣ ነበረኝ። ኤልሲዲውን ከዲፓርትመንት ተለማምጬ ወስጃለሁ። መብራትም አልሄደም። ሁለቱ በአንድ ቀን የሚገጥሙልኝ በዓመት ስንቴ ነው? ስልኬን በማገናኛ ገመድ ሰካሁና ፓወርፖይንቱን ፍለጋ ቴሌግራም ውስጥ ገባሁ። ለራሴ ልኬ ያስቀመጥኩት ነው። ወደ ላይ ጎተትኩ። የእህቴ ልጅ የልደት ፎቶ። የቤት ኪራይ ደረሰኝ። ሌላ መምህር የላከልኝ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና፤ እሱን በጥድፊያ አሳለፍኩት። ተማሪዎቹ ሁሉንም ግድግዳው ላይ አብረውኝ እያዩ ነው። «ኒው 3» የሚል አገኘሁና ይሄ ነው ብዬ ከፈትኩት። የመምህራን ዕቁብ ዝርዝር ሆኖ ቁጭ አለ። የከፈለ በአረንጓዴ፣ ያልከፈለ በቀይ። በቀይ ካሉት አንዱ ዳይሬክተራችን ናቸው።

ክፍሉን ለማረጋጋት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ማይቶሲሱን ያገኘሁት ደግሞ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ስታፍ ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነበር። የምታስተምሩበትን ነገር ሁሉ፣ ፒዲኤፉን፣ ቪዲዮውን፣ ማርክ ሊስቱን፣ የት ነው የምታስቀምጡት? ክፍል ከገባችሁ በኋላስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዴት ታገኙታላችሁ? የራሴንም ገበና ዘረዘርኩ። ሦስት የቴሌግራም ግሩፕ፣ አንድ ቻናል፣ ሁለት ፍላሽ፣ ነጻው 15 ጊጋባይት ሊሞላ የደረሰ ጎግል ድራይቭ፣ እና በኮሮና ጊዜ ከፍቼ እስካሁን ያልዘጋሁት ጎግል ክላስሩም። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ችግራችን የመሣሪያ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው አልኩ። ጠቡን የጠራችው እሷ ናት።

በሳምንቱ 34 መልስ ተከማቸ። በቁጥራቸው እያነሳሁ ልንገራችሁ።

1ኛው ከሀዋሳ የሚጽፍ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ በእርስዎ ነው የጀመረኝ። ጤንነቴን ጠየቀ፣ ስለ ዕቁቡ አጽናናኝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ አረመኝ። በእሱ ሐሳብ የበዛው መሣሪያው አይደለም። የበዛው የአንዱ ፋይል መኖሪያ ነው። አራት ቦታ ይቀመጣል፣ አራቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ይነካካል፣ በኋላ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም። ለአንድ ፋይል አንድ ቤት ይብቃው፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ማደሪያ ነው ባይ ነው። የእሱ ቤት ድራይቭ ነው። ቴሌግራም ለእሱ መላኪያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም።

2ኛው ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ፒን እንዳደርገው፣ ማለትም አናት ላይ እንድሰካው፣ መከረኝና ሄደ። አሁን 41 ፒን አለኝ።

3ኛው መልስ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ደሴ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር እንደሌለ አድርጎ ነው የሚዘጋጀው። ኔትወርክ ቢኖርም እንኳ አይጠቀምበትም። ፌት የሚባሉትን ሲሙሌሽኖች፣ ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችን፣ ቤቱ አውርዶ ነው የሚመጣው። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚያዘጋጃቸው ናቸው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ያስጀመራቸው። ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ባትሪና አምፖል ይዘህ ሽቦውን በጣትህ እየጎተትክ ሰርኪት ትገጣጥማለህ። ላብራቶሪው ውስጥ ያሉት ባትሪዎች ከሞቱ ቆይተዋል አለ፤ የኛም እንደዚያው ናቸው።

ዋናው ነገሩ ግን ሲሙሌሽኑ አልነበረም። ይህ ሰው ስልኩ ላይ «ነገ» የሚል ፎልደር አለው። ሁልጊዜ ማታ ከእራት በኋላ የዛሬውን ያወጣና የነገውን ያስገባበታል። ከአምስት ፋይል በላይ አይገባም። አምስት ካለፈ በአርባ ደቂቃ አይጨርሰውምና አንዱን ያስቀረዋል። ክፍል ውስጥ ከ«ነገ» ሌላ ፎልደር አይከፍትም። ማርክ ሊስት፣ ፎቶ፣ ዕቁብ የሚባል እዚያ ድርሽ አይልም። ሳነበው እንዴት ይሄ ሳይታየኝ ቀረ ብዬ ተናደድኩ።

4ኛው የአይሲቲ መምህር ነው። እሱ ደግሞ የስም ሰው ነው። ፋይሉ ሳይከፈት ስሙ ሁሉንም መናገር አለበት ብሎ ያምናል። ትምህርት፣ ክፍል፣ ምዕራፍ፣ ክፍለ ጊዜ። የእኔ ማይቶሲስ «ባዮ10-4-2» ይሆናል ማለት ነው። 5ኛዋ ወዲያው ገባች። 4 ሳይሆን 04 መሆን አለበት፤ አለበለዚያ 10ኛው ክፍለ ጊዜ ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። 6ኛው አይሆንም አለ፤ የእሱ ኮምፒውተር በትክክል ነው የሚደረድረው። 5ኛዋ ተመልሳ ዊንዶውስ ቁጥሩን እንደ ቁጥር እንደሚያነበው፣ ብዙ የስልክ ፋይል ማሳያ ግን ፊደል በፊደል እንደሚያነበው አስረዳችው። ሞከርኩት። እውነቷን ነው፤ የእኔ ስልክ 10ን ከ2 በፊት አስቀመጠው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

7ኛው ባህር ዳር የሚያስተምር የአማርኛ መምህር ነው። እኛ የሳይንስ ሰዎቹ አስበነው የማናውቀውን ነገር አመጣ። ለሥነ ጽሑፍ ምዕራፍ ያዘጋጃቸው አምስት ፋይሎች አሉት። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ «ስነ ፅሁፍ» ብሎ ፈለገ። አንድ ብቻ መጣለት። ሌሎቹን ያጠፋሁ መስሎኝ ደነገጥኩ ይላል። ኋላ ሲያየው ሁለቱን «ሥነ ጽሑፍ»፣ ሁለቱን «ሥነ ፅሑፍ» ብሎ ነበር የሰየማቸው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለማሽኑ ሠ እና ሰ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። አደራደሩም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ሠ፣ ከዚያ ረ፣ ከዚያ ሰ ይመጣል። ስለዚህ «ሠንጠረዥ» እና «ሰንጠረዥ» መሀል በረ የሚጀምር ፋይል ሁሉ ይሰገሰጋል። በኀ የሚጀምረውማ ከቸ በኋላ ነው የሚገኘው። የተማሪ ስም ዝርዝር ላይ ደግሞ ባሰበት። ኃይሉ፣ ሃይሉ እና ሐይሉ የሚባሉ ሦስት ልጆች በሦስት ማዶ ተቀምጠው፣ አንዱን ሁለት ጊዜ መዝግቦት ኖሯል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ስሙ በቁጥር ይጀምር፣ ፊደሉ ኋላ ይምጣ፣ ከሞክሼዎቹ አንዱን መርጠህ ጽና። 4ኛውንም በዚሁ ደገፈው።

8ኛው ግን ሞክሼ የሚለውን ቃል ሲያይ ፋይሉን ረሳው። ድሮም እነዚህ ፊደላት መቀነስ ነበረባቸው የሚል ሰው ነው። 9ኛው ፊደል መቀነስ ማለት ታሪክ መቅደድ ነው አለ። 10ኛው ግዕዙን አነሳ፤ ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ወጣ ነው ሁለተኛው ሌብነት ነው። 8ኛው እኛ የምንጽፈው አማርኛ እንጂ ግዕዝ አይደለም ብሎ መለሰ። 11ኛው ሰው በሁለቱም ሳቀ። እርስዎ ተብሎ የተጀመረው ክርክር 12ኛው ላይ አንተ ሆኗል። እኔ የሰዎችን ንዴት የምለካው በዚህ ነው። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቴርሞሜትር አለው።

13ኛው እኔ ነኝ። ለምኜ ወደ ፋይሉ መለስኳቸው።

14ኛው ጽሑፍ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው መምህር ናቸው። ለዓመታት የተየቡት የአማርኛ ኖት አላቸው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ነው። ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገዛላቸውና ፋይሉን ሲከፍቱት የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ትርምስ ሆኖ ጠበቃቸው። ቫይረስ በላው ብለው ሊያጠፉት ነበር። ቅር ያላቸው ነገር ቢኖር የምሳሌያዊ አነጋገሮቹ ስብስብ ነው፤ ከተማሪ አፍ እየለቀሙ የጻፉት።

15ኛዋ ጋሼ ብላ ጀመረች፣ ምንም እንዳያጠፉም ለመነቻቸው። ጽሑፉ አልጠፋም። ያኔ የነበሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነበር የሚጭኑት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ግዕዝ የራሱን ቁጥር ያገኘው ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1999። ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በልማድ በድሮው ፎንት የተተየበው ሁሉ እንደዚህ ነው። የድሮውን ፎንት ሲጭኑት ጽሑፉ ተመልሶ ይነበባል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ፋይሉን ለእሷ እንዲልኩላት ጠየቀቻቸው። በሦስተኛው ቀን የምስጋና መልስ መጣ፤ 29ኛው እሱ ነው። ምርቃቱ ብቻ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ምሳሌያዊ አነጋገሮቹ በሙሉ ተገኝተዋል።

16ኛው ከግል ትምህርት ቤት ነው። እነሱ ጋ ጎግል ክላስሩም ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ማስረከቢያ ሰዓት ሲሞላ ማታ 6 ሰዓት ብሎ አሰበና 6 ፒኤም ብሎ ጻፈ። ልጆቹ እራት በልተው ሥራቸውን ሲልኩ ሁሉም ዘገየ የሚል ምልክት ተለጠፈባቸው። ሲስተሙ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር የቆጠረባቸው። ወላጆች ደወሉ። ከዚያ ወዲህ ቀኑንም ሰዓቱንም በጽሑፍ ይደግመዋል፤ በእኛ አቆጣጠር፣ ከርዕሱ ሥር። ለፋይል ስም ደግሞ ቀን አይጠቀምም። ስልኩ የሚለጥፈው የፈረንጁን ቀን ነው፣ እሱ የሚያስበው በእኛ ነው። ከዓመታዊ ዕቅዱ ላይ የሳምንቱን ቁጥር ይወስዳል። ሳ07 ሲል ሰባተኛው የትምህርት ሳምንት ነው፤ ጥቅምትም ይሁን ኦክቶበር ግድ የለውም።

17ኛዋ ከሜሪላንድ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። የእሷ ችግር የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ላፕቶፕ አለው፣ ኢንተርኔት አለው፣ አካውንትም በሽ ነው። የሌለው የይለፍ ቃሉ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ካላት ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃው ፓስወርድ ፍለጋ ያልቃል። አሁን ሁሉንም ትታ አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጅታለች። በሥዕል። አንበሳውን ሲነኩ ፊደል ገበታው፣ ጀበናውን ሲነኩ የዛሬው ንባብ ይከፈታል።

18ኛው የሒሳብ መምህር ስለ ፕሊከርስ ነገረን። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፤ ወረቀት ነው የሚይዘው። ጥቁር ቅርጽ የታተመበት ካርድ ነው፣ የአንዱ ልጅ ከሌላው አይመሳሰልም። ኤ ለማለት አንዱን ጎን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ቢ ለማለት ያዞረዋል። መምህሩ ስልኩን አንስቶ ክፍሉን በካሜራ ሲያሳልፍ ማን ምን እንደመለሰ ይመጣለታል። ከጎኑ ያለውን ልጅ አይቶ መገልበጥም አይመችም፤ ፊደሉ በጣም ደቃቅ ነው። 19ኛው ለመምህሩ ስልክ ኔትወርክ እንደሚያስፈልግ አስታወሰ፤ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ 62 ተማሪ አለኝ ስል ካርዱ እስከ 63 እንዳለ ነገሩኝ። አንድ ይተርፈኛል።

20ኛው መልስ እንደ ድንጋይ ነው የወደቀብን።

ሰሜን ጎንደር ገጠር ያለ መምህር ነው። ሰላምታ የለውም። ሜሪላንዷንም፣ የግል ትምህርት ቤቱንም፣ እኔንም በአንድ ላይ ጠራረገን። ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ከመድረሱ በፊት ሶፍት ኮፒው ነው የደረሰው። ሶፍት ኮፒ ምን ላይ እንደሚነበብ የጠየቀ የለም። መሣሪያ በዛብን ብዬ መጻፌን ደግሞ አልማረኝም። ጠግበሽ ነው የሚል ነገር ነው በጥቅሉ። እውነቱን ለመናገር ፊቴ ጋለ። ሦስት መስመር መልስ ጽፌ አጠፋሁት።

21ኛዋ ያለቦታው የመጣ የሚመስል ነገር ይዛ ገባች። በኋላ ሳስበው ቦታው እሱ ነበር። በፕላዝማው ዘመን ጀማሪ መምህርት ነበረች። ከ1997 አካባቢ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለውን ቴሌቪዥን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ። ማቆም የለም፣ መመለስ የለም። ልጅ እጁን ሲያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። የእሷ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነበር። መብራት ሲሄድ ተማሪዎቹ ዞረው ያዩዋታል፤ እሷ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ምን ሊል እንደነበር አታውቅም። ለ20ኛው ያለችው ይሄንን ነው። ኤሌክትሪክ የነበረውም ሰው መምህር ሳይሆን ዘበኛ ሆኖ የቆመበት ዘመን አይታለች።

22ኛው ራሱ የጎንደሩ ነው። ተመለሰ። ይቅርታ አላለም፣ ድምፁ ግን ወርዷል። ምን እንደሚያደርግ ነገረን። ስልኩን በሶላር ይሞላል። ማታ ፒዲኤፉን ስልኩ ላይ ይከፍትና ሥዕሉን በማርከር የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ይሥላል። ከረጢቱን አጥቦ፣ ስፌቱን ፈትቶ፣ ዘርግቶ። ልብ፣ ኩላሊት፣ የቅጠል ስንጥቅ። ሲጨርስ ይጠቀልለውና ጫፉ ላይ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ክፍል፣ ምዕራፍ፣ ተራ። ጥግ ላይ እንደ ዣንጥላ ያቆማቸዋል። 70 ደርሰዋል። እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ በዚያው ቁጥር ስልኩ ላይ አስቀምጧል፤ ከረጢቱ አይጥ ቢበላው ደግሞ ይሥለዋል። አንዱን ፎቶ ለጠፈልን። ማይቶሲስ ነበር። አራቱ ደረጃዎች፣ ክሮሞሶሙ በቀይና በሰማያዊ፣ ከሥሩ «10-04-02»። 4ኛው ያወጣው ስያሜ ከመጻፉ በፊት ከረጢት ላይ ነበረ ማለት ነው።

4ኛው ሳይቀር አጨበጨበ። እኔም አዲስ መልስ ጻፍኩ፤ ዓረፍተ ነገሬን አነሳሁ፣ በዛብን ያልኩትን ለራሴ ብቻ አደረግሁት። 23ኛው እሱ ነው።

24ኛውና 25ኛው ስልክ ክፍል ውስጥ ይከልከል አይከልከል ሲሉ ቆዩ። 26ኛው የቤት ሥራን ቻትጂፒቲ እንደሚሠራው አማረረ። አንዱ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ድርሰት ሲያስረክብ የማሽኑን የመግቢያ ሰላምታ ሳይቆርጥ ነው የሰጠው። በመሀል ደመወዝ ተነሳ። ደመወዝ ሳይነሳ የሚያልቅ የመምህራን ወሬ የለም። እዚህ ላይ አልቆይም።

27ኛዋ ወደ 1ኛው መልስ ተመለሰች። አንድ ቤት የሚለውን ወዳዋለች፣ ግን ቤቱ የሰው ቤት መሆኑን አትርሱ አለች። ሁሉ ነገሯ ቴሌግራም ቻናል ላይ ነበር። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ ሲዘጉ የአንድ ሴሚስተር ኖት ከቪፒኤን ጀርባ ቀረባት። ቪፒኤኑ ፓኬጇን ይበላል፣ ስልኳን ያግላል፣ ሲያሻው ይቋረጣል። ተማሪዎቿ ግማሾቹ ጭራሽ መግባት አልቻሉም። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉንም ወደ ላፕቶፕና ወደ አንድ ፍላሽ ትገለብጣለች። 28ኛው ፍላሹን ኮፒ ቤት እንዳትሰኪው ብሎ አስጠነቀቃት። ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የሚገኘው እዚያ ነው። ፈተና ሊያባዛ ሄዶ የዓመት ሥራውን አራግፎ የተመለሰ መምህር ነው፤ ኋላ ላይ ተደብቆ እንደነበር አገኘው እንጂ። ለኮፒ ቤት ባዶ ፍላሽ ለብቻ ይያዛል፣ የሚታተመው ፋይል ብቻ ያለበት።

30ኛው መልስ መምህር አይደለችም። እናት ናት። እንዴት እዚህ እንደገባች አላውቅም፤ ግን ጥሩ ሆነ። የልጇ ሴክሽን ግሩፕ ላይ ማታ አራት ሰዓት ላይ 140 መልእክት ተጠራቅሞ ታያለች። እሺ ቲቸር፣ እሺ ቲቸር፣ አሜን፣ የአበባ ስቲከር። የነገው ፈተና የት እንዳለ በዚያ ውስጥ ነው የምትፈልገው። ይባስ ብሎ የክፍሉ ማርክ ሊስት በሙሉ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። ልጇ ከ20 አራት አመጣ። ጎረቤቷ ከእሷ ቀድማ አወቀች። ልጁ ለሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም አለ።

31ኛው ተቆጣ። ለ62 ተማሪ ለየብቻ ልላክ ወይ ነው ነገሩ። እሷም ቀላል ሴት አይደለችም፤ ብላክቦርድ ላይ ጮክ ብለህ ብታነበው ክፍሉ ብቻ ነበር የሚሰማው ብላ መለሰችለት። እኔ የዕቁቡን ነገር አስታወስኩና አፌን ዘጋሁ። ዳይሬክተሩም እኮ እንደዚያ ልጅ ነው የሆኑት። 32ኛው ቢያንስ ማርኩ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር እንዲለጠፍ፣ ግሩፑ ላይም መጻፍ የሚችለው መምህሩ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ወሬው ለሌላ ግሩፕ ይሁን፣ አሜኑም እዚያ ይባል። 30ኛዋ ተስማማች። 31ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

33ኛው እኔ የምሠራውን የጻፍኩበት ነው። ማክሰኞ ማታ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ለማደራጀት አልሞከርኩም፤ እሱ ክረምት ይጠብቃል። የዚህን ምዕራፍ 14 ፋይሎች ብቻ በቁጥር ሰየምኳቸው። «ነገ» የሚል ፎልደር ከፈትኩ። አምስት አስገባሁ፣ አንዱን መልሼ አወጣሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደብኝ፤ በመሀል ወጥ አሮብኛል።

ሐሙስ ፋይሉን ሳልጎትት አገኘሁት። ኤልሲዲው ግን ለስብሰባ ተወስዶ ነበር። ስልኬን በእጄ ይዤ እያየሁ ማይቶሲሱን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልኩት፤ ክሮሞሶሙን በቀይና በሰማያዊ፣ እንደ ከረጢቱ። የማዳበሪያ ከረጢት ዋጋም ጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ርካሽ አይደለም።

34ኛው መልስ ስለ ማስተማር ምንም የለውም። ዳይሬክተሩ ዕቁባቸውን ከፈሉ ወይ ነው ጥያቄው። ከፍለዋል፤ በማግሥቱ አርብ ጠዋት፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት። አረንጓዴ ላደርጋቸው ዝርዝሩን ብፈልግ ግን አጣሁት። «ኒው 3»ን ሰኞ ዕለት ስሙን ቀይሬው ኖሯል። በዐይኑ ዐ «ዕቁብ» ብዬ ሰይሜ፣ በአልፋው አ ነበር የምፈልገው።